ሽቦው ወደ ይመኑ ሲዞር

በአንድ ወቅት፣ ደም ከቤታቸው ያባረራቸው ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ። አባታቸው ሰው ገድሎ፣ ራሱ በትኩሳት ሞተ። ዕዳው ግን አብሮት አልተቀበረም፤ ወደ ልጆቹ ወረደ። ሽማግሌ ቢላክ የሟች ወገኖች መልስ አጭር ነበር፦ «ወርቅ ካመጡ እንታረቃለን። ካላመጡ ጥይት አለን።»

ወርቅ ከየት ይምጣ? ጫካ ውስጥ ያለው ዝንጀሮ ነው።

ታላቁ ላቀው ግን ሽቦ ነበረው። ጣሊያን ሲሸሽ ከፈረሰው ምሽግ አጠገብ ወርቅ ቀብሯል ይባላል። ላቀው ከአሮጌ የስልክ መስመር ሁለት የመዳብ ሽቦ ቆርጦ አጠፈ፤ እጁ እንዳይመራቸው መያዣቸውን ሸምበቆ ውስጥ ከተተ። ከመሬት በታች ብረት ወይም ወርቅ ካለ ሽቦዎቹ ራሳቸው ይዞራሉ። ሕጉ አንድ ነው፦ ሽቦ ሲሄድ ማንም ብረት አይይዝም። ጠመንጃውም፣ ዶማውም፣ የቀበቶ ዘለበቱም ሳይቀር ርቆ ዋርካው ሥር ይቀመጣል።

መሃለኛው ሽብሩ ቆፋሪ ነው። ላቀው ጠቆመ፣ ሽብሩ ቆፈረ፤ ድንጋይ። ጠቆመ፣ ቆፈረ፤ ትል። ሦስት ቀን፣ ሰባት ጉድጓድ። መዳፉ ተልጦ የዶማው እጀታ በደም ቀላ።

«ጋሼ፣ ሽቦህ ትል ነው እንዴ የሚወደው?»

«በዶማው ቆፍር እንጂ በአፍህ ቆፍር አላልኩህም!»

ትንሹ ይመኑ ከፊታቸው እየሄደ ይስቃል።

ያ ሁሉ የተከመረ ቀይ አፈር ከማዶው ሸንተረር ይታይ ኖሯል። በአራተኛው ቀን፣ ላቀው ሽቦውን ይዞ ሲዞር፣ የሟቹ ልጅ ዋኘው ከአጎቱ ልጅ ጋር ከች አለ። የወንድማማቾቹ ጠመንጃ ዋርካው ሥር ነው።

«እናንተ ፍልፈሎች!» አለ ዋኘው። «በሉ ቀጥሉ። ከወጣም እንገላችኋለን፣ ካልወጣም እንገላችኋለን።»

«ታዲያ ምን አደከመን?» አለ ይመኑ።

ዋኘው በሰደፍ አፉን አለው። ሁለት ጥርሱ አፈሩ ላይ ወደቀ።

ላቀው ግን፣ «ብረታችሁን ካላራቃችሁ ሽቦው ይዋሻል» አላቸው። ሁለቱ ሃያ እርምጃ ርቀው አነጣጠሩ። ሽቦው ሄደ፤ ወደ ይመኑ ዞረ። ላቀው አቅጣጫ ቀየረ፤ አሁንም ወደ ይመኑ ዞረ። ሽብሩ የታላቁን ፊት አየ፣ ከዚያ ልብሱ ሥር ጎበጥ ያለውን የታናሹን ጭን አየ። ሰባቱም ጉድጓዶች ባንድ ጊዜ ገቡት። ልጁ ጭኑ ላይ ጩቤ አስሯል! ሦስት ቀን ሙሉ ወርቅ ሳይሆን የወንድማቸውን ጩቤ ሲከተሉ ከርመዋል። በዚያች ቅጽበት ሽብሩ ከዋኘው ይልቅ ይመኑን ቢገድል ደስ ባለው።

ላቀው ወደ መሬት ጠቆመ። «እዚህ ነው!» ብሎ ጮኸ፣ ይመኑ እግር ሥር።

እነዋኘው ለሽብሩ ዶማውን ከዋርካው ሥር አምጥተው ወረወሩለት። ጉልበቱ ድረስ ቆፈረ። ምንም እንደሌለ እያወቀ፣ «ነካሁት!» አለ።

ስስት ያጎነብሳል፤ ሁለቱ ቀርበው አጎነበሱ።

የይመኑ ጩቤ በአጎትየው ልጅ አንገት እስከ እጀታው ገባ። ዋኘው አፈሙዙን ወደ ይመኑ ሲያዞር ላቀው በመዳፉ አፈነው። ጠመንጃው ጮኸ፤ የላቀው ሦስት ጣት ተበተነ። ሽብሩ ከጉድጓዱ ሆኖ በዶማው የዋኘውን ጉልበት ሰበረ፤ ሲወድቅ ጭንቅላቱን ደገመው። ሦስተኛ ጊዜ ባይመታውም በቃው ነበር። ግን መታው።

ሬሳዎቹንም ብረቱንም ጎትተው አራቁ። ላቀው በደህናው እጁ አንድ ሽቦ ያዘ። አሁን ሽቦው አላመነታም፤ ከምሽጉ ጥግ ወሰደው። ሽብሩ ቆፈረ። የጥይት ሳጥን ወጣ፤ ሙሉ ወርቅ።

ሽማግሌዎች ተጠርተው መጡ። ሬሳዎቹን አዩ፤ ወደ ሟች ወገኖች ሄደው ተመለሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ ወርቅ ትናንት ሦስታችሁንም ወደ ቤት ያስገባ ነበር። ዛሬ ሁለት ደም ተጨመረ። ለምነን ለምነን ያገኘነው ይህን ነው፦ አንዳችሁ ወደ ቤት ይግባ፤ ሁለታችሁ ጫካ።»

«ሽቦው የኔ ነው» አለ ላቀው። «ደግሞ በዚህ እጅ እንዴት ልተኩስ? ጫካ አንድ ሳምንት አልከርምም።»

«ዘጠኝ ጉድጓድ ቆፈርኩ» አለ ሽብሩ። «ስምንቱን በሱ ጩቤ። ልጅ ተወልዶልኛል፤ መልኩን አላውቀውም።»

ይመኑ ደም ተፋ። «ሕጉን ባከብር ኖሮ ስምንተኛው ጉድጓድ መቃብራችን ነበር።»

«ሕጉን ብታከብር በመጀመሪያው ቀን ወርቁን ይዘን እንገባ ነበር! ማንም አይሞትም ነበር!» አለ ላቀው።

«እሱንስ ማን ያውቃል? ሽቦው?» አለ ይመኑ።

ሽማግሌዎቹ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጊዜ ሰጥተዋቸዋል። ሳጥኑ መሃላቸው ነው፤ ሦስቱም አይተያዩም። እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፦ ያገኘው፣ የቆፈረው ወይስ ሕጉን የጣሰው? ማን ወደ ቤቱ ይግባ?