ዘጠኝ ገጽ፣ አንድ አፍ

አንዲት የታሪክ አስተማሪ ነበረች። ጎበዝ ናት፤ ሰነፍ እንዳትመስላችሁ። ስለ ሶቪየቱ መሪ ስለ ስታሊን ልታስተምር ኢንተርኔት ከፈተች። መቼ ሞተ? በ1938 ይላል። ሌላ ገጽ ከፈተች፤ 1938። ዘጠኝ ገጽ አየች፤ ዘጠኙም 1938። እናንተ ብትሆኑ አሥረኛውን ትከፍቱ ነበር? እኔ እንኳ አልከፍትም!

ፈተና ሰጠች። ፌናን የምትባል ተማሪ 1945 ብላ ጻፈች፤ አስተማሪዋ ኤክስ አደረገችባት። ልጅቷ ተነሥታ፣ "ቲቸር፣ አያቴ ኮሪያ ዘምተው እያሉ ነው የሞተው። ወሬውን እዚያው ሆነው ነው የሰሙት፤ በ1945" አለች።

"አያትሽና ስታሊን ጎረቤት ነበሩ እንዴ?" አለቻት አስተማሪዋ።

ተማሪው በሳቅ አውካካ። ፌናን አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ተወች።

በሳምንቱ አስተማሪዋ ነገሩን ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ለጋሽ ውብሸት እንደ ቀልድ አወራችላቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም።

"1938 ያልሽው በኛ ነው በፈረንጅ?" አሏት።

ወገኖቼ፣ ይቺን ጥያቄ የማይጠይቅ ማን አለ? የልደት ቀን ሲነገረን እንጠይቃለን፤ ቀጠሮ ሲሰጠን እንጠይቃለን። እሷ ግን ዘጠኙን ገጽ አልጠየቀችም።

ተመልሳ ከፈተቻቸው። ረጋ ብላ ስታነብ፣ ዘጠኙም "ሶቪየት" የሚለውን "ሶቪየየት" ብለው ጽፈውታል። ለካ ስምንቱ ከአንዱ ገልብጠው ነው! ያ አንዱ ደግሞ ከየት እንዳገኘው ከታች ጠቅሷል፤ ከድሮ ጋዜጣ። ጋዜጣውን ፈልጋ አገኘችው። 1945 ይላል፤ በኛ። የገጹ ጸሐፊ ግን የፈረንጅ መስሎት ሰባት ቀንሶለታል።

"ወይኔ! ልጅቷን በደልኳት" አለች።

"ማርኳን አስተካክዪላትና ይለቅ" አሏት ጋሽ ውብሸት።

"ማርኩንማ እዚሁ አስተካክላለሁ ጋሼ። ሳቁን ግን የት አባቴ ሄጄ ላስተካክለው?"

በማግስቱ ክፍል ገብታ ሰሌዳው ላይ 1945 ብላ ጻፈች። "ፌናን ልክ ነበረች፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። በአያቷ ላይ ማሾፌ ደግሞ ነውር ነው። ፌናን፣ ይቅር በይኝ" አለች። ያን ቀን ማንም አልሳቀም። ፌናን ግን አለቀሰች።

እስቲ እናንተ! ስለ ሰው ክፉ ስትሰሙ "አገር ያወራዋል" ትላላችሁ። አገሩ ከማን ሰማ? ከእነ እገሌ። እነ እገሌስ? እነሱም ከሰው። ያ ሰው በዓይኑ አይቷል? ማን ጠየቀው! ስንቷን እህት ነው እንዲህ የፈረዳችሁባት? እኔም ፈርጄ አውቃለሁ፤ ምን እዋሻለሁ።

ስለዚህ ከመፍረዳችሁ በፊት ጠይቁ። ተሳስታችሁ ከተገኛችሁ ደግሞ ማታ በጓሮ ዞራችሁ "ይቅርታ" ብላችሁ አትመለሱ። ስሟን ያጠፋችሁት በሰው ፊት አይደለም ወይ? እንግዲያው ዛሬ ከዚህ ጉባኤ ስትወጡ፣ ሰው ሳይበተን፣ በሩ ላይ አስቁማችሁ ንገሯት።