አያ ጅቦ የመጋረጃውን ገመድ ሲለቅ

አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ፣ መከር በገባ ቁጥር እንስሳት ሁሉ ተሰብስበው ቲያትር የሚያዩበት ደግ ዘመን ነበር። ቲያትሩን የሚሠራ ደመወዝተኛ የለም፤ የሚተውነውም፣ ሣር የሚያነጥፈውም፣ ጥሩምባ የሚነፋውም በፈቃዱ ነው። ሸለቆው ታዲያ በዚህ ቲያትር የሚኮራውን ያህል በምንም አይኮራም ነበር። ከወንዝ ማዶ የመጡ እንግዶች «የእናንተስ አንበሳ ሲያለቅስ ሆድ ያባባል» ብለው ሲሄዱ፣ ኤሊ እንኳ አንገቷን አስረዝማ ነበር የምትሰነብተው።

የቡድኑ አለቃ እመት ቀበሮ ነበረች። በዚያ ዓመት ሥራ ልታከፋፍል ሁሉንም ዋርካው ሥር ሰበሰበች።

«መጋረጃውን ማን ይጎትታል?» አለች።

«እኔ!» አለ አያ ጅቦ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

«ነጎድጓዱንስ?» ነጎድጓዱ ጠጠር የተሞላ ትልቅ ቅል ነው፤ ሲነቀንቁት ሰማይ የተናደ ይመስላል።

«እኔ!»

«ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ የሚያስታውስ?»

ጥንቸል እጇን አነሳች። «እኔ!» አለ አያ ጅቦ በላይዋ ላይ ጮኾ። ጥንቸልም እጇን መለሰች።

መቼም ጅብ ጅብ ነው፤ ሥጋ ያጣ እንደሆነ ሥራም ቢሆን ይሰለቅጣል። ሣር ማንጠፉንም፣ ጥሩምባውንም፣ «ማነው?» ብቻ የምትለውን የበረኛውን ሚናም ጠቅልሎ ወሰደ። እመት ቀበሮ ደግሞ ብልጥ አይደለች? ስድስት እንስሳ ከመለመን በአንድ ጅብ መገላገል ይሻላል ብላ በልቧ ሳቀች። «አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር!» አለችው።

አያ ጅቦ ብዙ ነገር የሚገባው ፍጥረት አልነበረም። አንድ ነገር ግን ያውቃል። ሌላ ቦታ ብቅ ሲል እናቶች ልጆቻቸውን እየሰበሰቡ ይሸሻሉ። ዋርካው ሥር ሲደርስ ግን «አያ ጅቦ መጣ፤ በሉ እንጀምር» ይባላል። ይህን ቃል መስማት ከሥጋ ይልቅ ያጠግበዋል። ስለዚህ አንዲት ሥራ እንኳ ከእጁ እንዳትወጣ ይሳሳ ነበር።

ልምምዱ ተጀመረ። ጎህ ሲቀድ ሣር ያጭዳል፤ ከዚያ ጥሩምባ ይነፋል፤ ከዚያ ከገመዱ ወደ ቅሉ፣ ከቅሉ ወደ ገመዱ ሲሮጥ ይውላል። ምግብ የሚባል ነገር ረሳ። የጎድን አጥንቱ ተቆጠረ።

አንድ ቀን በልምምድ ላይ አንበሳ በቲያትሩ ውስጥ በሞተው ልጁ ላይ ሲያለቅስ ቃል ጠፋበት። አያ ጅቦ ቃሉን ያስታወሰው መስሎት ቅሉን ነቀነቀ። ስህተቱ ሲገባው ደንግጦ ገመዱን ጎተተ፤ መጋረጃው መጥቶ በአንበሳው ጎፈር ላይ ተጠመጠመ።

«ምን ሆነሃል?» አለ አንበሳ። «ልጄ ነው እንጂ የሞተው፣ እኔ መቼ ሞትኩ?»

አያ ጅቦ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተና እዚያው ወደቀ። ተሸክመው ዋሻው ውስጥ አስተኙት። ቲያትሩ ሊታይ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

ዋሻው ከወንዙ በላይ ነው። በማግስቱ እንስሳቱ ውኃ ሲወርዱ እመት ቀበሮ «እባካችሁ፣ የሚተባበረኝ አንድ እንኳ ይጥፋ?» ስትል አያ ጅቦ ተኝቶ ሰማት። ሁሉም ድንገት የጠማው መሰለ፤ አንገቱን ከውኃው ያቀና አልነበረም። በመጨረሻ እትዬ አህያ ቀና አለች።

«ሥራ ጠልቼ አይደለም» አለች። «አያ ጅቦን ሳየው ጊዜ ግን ፈራሁ። አንዱን ሥራ ከያዝኩ ስድስቱም ይጫኑኛል፤ አንዴ ከገባሁ የሚለቀኝ የለም።»

«እኔ እጄን አንስቼ ነበር» አለች ጥንቸል። «አላየሽኝም።»

«አይቼሽ ነበር» አለች እመት ቀበሮ እያፈረች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ጥንቸል፣ ቃል ማስታወሱን ትይዢልኛለሽ? እሱን ብቻ። ቲያትሩ ሲያልቅ ሥራሽም ያልቃል።»

«እሺ!» አለች ጥንቸል።

እንዲህ እያለች ሁሉንም በየስሙ ጠየቀች። ቅሉን ጦጣ፣ ጥሩምባውን አጋዘን ወሰዱ። ሣሩን ኤሊ ያዘች፤ ራሷን ታውቃለችና ያኔውኑ ጀመረች።

«እትዬ አህያስ፣ ገመዱን ብቻ?»

«ገመዱን ብቻ ከሆነ እሺ። ግን ማን ያስተምረኛል?»

ሁሉም ቀና ብሎ ወደ ዋሻው አየ።

አያ ጅቦ የኮቴ ድምፅ ሰማ። እትዬ አህያ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ገመዱን አልሰጥም!» አለ፣ ገና ሳትናገር። ወዲያው ድምፁ ተሰበረ። «ገመዱንም ቅሉንም ከሰጠሁ ምን ይቀረኛል? ያው ሁሉ የሚሸሸው ጅብ ልሆን ነው።»

«አያ ጅቦ» አለች፣ «ከእኔ ወገን በገዛ እግሩ እዚህ ደጅ የመጣ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ገመድ ፍለጋ ቢሆን ዋርካው ላይ ተንጠልጥሎልኛል። እኔ የመጣሁት አንተን ፍለጋ ነው፤ አሠራሩን የምታውቅ አንተ ነህ።»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ አይቀናውምና ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ከተኛበት እየተንገዳገደ ተነሳ። «እሺ፣ ዋናው ነገር አለመቸኮል ነው» አለ። «አንበሳው እጁን ዝቅ እስኪያደርግ ትጠብቂያለሽ። ከዚያ ቀስ እያልሽ።»

የቲያትሩ ቀን ከወንዝ ማዶ ያልመጣ አልነበረም። አያ ጅቦ ለራሱ ያስቀረው የበረኛውን ሚና ብቻ ነበር። ወጣ፣ «ማነው?» አለ፣ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ እጁ ላይ ምንም ሥራ የለም። ወደ ተመልካቹ ወረደ። ክፍት ቦታ ያለው ሁለት ግልገሎች ይዛ ከተቀመጠች እንግዳ ሚዳቋ አጠገብ ነው። እስክትሸሽ ድረስ ቆሞ ጠበቃት።

«ኧረ በናትህ ቁጭ በል፣ ጋረድከን!» አለችው፣ ዓይኗን ከመድረኩ ሳትነቅል።

ቁጭ አለ።

አንበሳ ልጁ ላይ ሊያለቅስ ሲል ያቺው ቦታ ላይ ቃል ጠፋበት። አያ ጅቦ ብድግ ሊል ሲዳዳው ከመጋረጃው ጀርባ የጥንቸል ቀጭን ድምፅ ሹክ አለ፤ አንበሳም ቃሉን አግኝቶ አለቀሰ፤ ሸለቆው አብሮት አለቀሰ። ቅሉ በሰዓቱ ነጎደ። አንበሳው እጁን ዝቅ ሲያደርግ መጋረጃው ቀስ ብሎ፣ አንድም ቦታ ሳይዝ፣ ተዘጋ። እንግዳው ሁሉ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበ።

«መጋረጃውን እንዲህ አሳምሮ የሚዘጋው ማነው?» አለች ሚዳቋ እንባዋን እየጠረገች።

«እትዬ አህያ ናት» አለ አያ ጅቦ፣ ደረቱ በኩራት ሊፈነዳ ደርሶ። «ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው» አለች፣ ወደ እሱ ጠጋ ብላ፣ «ለከርሞ እኔንም አንድ ነገር አስተምረኝ።»

ከዚህ የምንማረው የጋራ ሥራን የሚያቆየው ሁሉን ለብቻው ተሸክሞ የሚወድቅ ሳይሆን፣ የአቅሙን ያህል ይዞ የሚያውቀውን ለሌላው ለማስተማር የማይሰስት መሆኑን ነው።