ጀልባዋ በበሩ ወጣች?

አንድ ቀን፣ የምሳ ሰዓት ሊያበቃ አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ጋሽ ውድነህ የመዝገብ ቤቱን በር ገርበብ አድርገው ኮምፒውተራቸው ላይ አንድ ቪዲዮ ከፈቱ።

ጋሽ ውድነህ በአንዲት የዞን ከተማ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ፋይል ሲያወጡና ሲያስገቡ የኖሩ ሰው ናቸው። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ፋይል ጠፍቶባቸው አያውቅም። ኢንተርኔት የመጣ ጊዜ ታዲያ ያው የለመደ እጃቸው ሌላ ሙያ አፈራ፤ ከዚያ ሁሉ ግሳንግስ መሐል የሚታየውን ቪዲዮ ብቻ መዝዞ ማውጣት። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ጋሽ ውዴ፣ ዛሬ ምን የሚታይ አለ?» እያለ መስኮታቸው ሥር ይሰለፍ ጀመር። ለጥበቃው ስለ ወፎች ስደት የሚያሳይ፣ ለገንዘብ ያዧ አንድ ቃል ሳይተነፍስ የዛገ መጥረቢያ አድሶ እንደ መስተዋት የሚያበራ ሰውዬ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ ደግሞ አማት የሌለበት ተከታታይ ድራማ መርጠው ሰጥተዋል። አማት የሌለበት ድራማ ማግኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ሦስት ሳምንት ፈጅቶባቸዋል። እሳቸው ያላዩትን ግን ለማንም አይመክሩም። «ሳልቀምስ አላጎርስም» ይላሉ።

ይህን ሙያ አምርረው የሚጠሉ አንድ ሰው ነበሩ፤ የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ምንውዬለት። «ቪዲዮ የሥራ ፈት ቀለብ ነው» የሚል ጽሑፍ አስለጥፈዋል። አቶ ምንውዬለት የማያውቁት ነገር የለም። የማያውቁት ነገር ሲገጥማቸው እንኳ ያውቁታል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሰው ሲሳሳት ሰምተው ማለፍ አለመቻላቸው ነው። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሄደው የሟቹን ዕድሜ ለገዛ ሚስቱ አርመው ተመልሰዋል።

ወደ ቪዲዮው እንመለስ። ከባሕር ማዶ ያለ አንድ ሽማግሌ አናጢ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ጀልባ ይሠራል። ስድስት ዓመት ሙሉ! ሚስቱ ሶፋዋን ወደ ጓሮ አውጥታለታለች። ጀልባዋ አለቀች፣ ተቀባች፣ አማረች። ሽማግሌው ሜትሩን አወጣና በሩን ለካ። ቀጥሎ ጀልባዋን ለካ። ተመልሶ በሩን ለካ። ከዚያ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ጋሽ ውድነህ ወደ ኮምፒውተሩ መስተዋት ጠጋ እንዳሉ ትከሻቸው ላይ እጅ አረፈ።

«ሰባት ሰዓት ከሠላሳ አራት!» አሉ አቶ ምንውዬለት ሰዓታቸውን እያሳዩ። «ሥራ ከገባ አራት ደቂቃ! ይህ ኮምፒውተር ከአሁን ጀምሮ ኤግዚቢት ነው።»

ነቅለው፣ ገመዱን ጠቅልለው፣ አቅፈውት ወደ ቢሯቸው ሄዱ። ጋሽ ውድነህ ከኋላ እየተከተሉ፣

«እባክዎ አቶ ምንውዬለት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ጀልባዋ ግን በበሩ ትወጣ ይሆን?» አሉ።

«እኔ እንዲህ ያለ ዝባዝንኬ የማይበት ጊዜ የለኝም!»

ነገሩ የቀልድ አልነበረም። ጋሽ ውድነህ ከዚህ በፊት ሁለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለባቸው፤ ሁለቱም የአቶ ምንውዬለት ፊርማ ያረፈባቸው። ሦስተኛው ስንብት ነው። ለጡረታቸው የቀረው አሥራ አንድ ወር! የሠላሳ አንድ ዓመት ልፋት በአራት ደቂቃ ሊቀልጥ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እህል አልበላ አላቸው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን፣ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሐል የጀልባዋ ነገርም አልወጣላቸውም።

በሳምንቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ዘነቡ ናቸው፤ ከጎናቸው የመኪና ስምሪቱ አቶ ጌጡ ተቀምጠዋል። አቶ ምንውዬለት ቆመው ክሱን አነበቡ። እንደ እሳቸው ክስ የሚያጠራ የለም፤ አንዲት ነጥብ አትቀራቸውም።

«...ተከሳሽ ቪዲዮው ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ሳለ እጅ ከፍንጅ ተይዘዋል። ኮምፒውተሩም ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ በከሳሽ ቢሮ ተቆልፎበት ይገኛል። ከከሳሽ በቀር የነካው ሰው የለም።»

«ጋሽ ውድነህ፣ ያምናሉ?» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ።

«አምናለሁ የኔ እመቤት። አራት ደቂቃ አጥፍቻለሁ።»

«ለመሆኑ ምን ዓይነት ቪዲዮ ነው?»

ጋሽ ውድነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ሳሎኑ፣ ስለ ሶፋው፣ ስለ ስድስቱ ዓመት ተረኩ። አቶ ጌጡ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ያዳምጡ ጀመር። ጋሽ ውድነህ በሩ የተለካበት ቦታ ሲደርሱ በጎን አቶ ምንውዬለትን ሰረቅ አድርገው አዩና ቀጠሉ።

«...በመጨረሻ ምን ያድርግ? ሽማግሌው መጥረቢያ አነሣና ጀልባዋን ፈለጣት።»

አቶ ምንውዬለት ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ።

«ፈልጦ ፈልጦ ማገዶ አደረጋት። ሚስቱም “እሰይ፣ ደግ አደረግህ! አሁን ሶፋዬን መልስ” አለችው። በዚሁ አለቀ።»

«ወይኔ ልፋቱ!» አሉ አቶ ጌጡ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

አቶ ምንውዬለት ከንፈራቸውን ነከሱ። ጣሪያ አዩ። ላብ ላብ አላቸው። ቢታገሉ ቢታገሉ አልሆነም።

«የለም! የለም! ውሸት ነው!» ብለው ብድግ አሉ። «ምን ፈለጠ? ማን ፈለጠ? ሰው የማያውቀውን ለምን ይናገራል? መጥረቢያውን አንሥቶ ጀልባዋ አጠገብ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ሚስቱ መጥረቢያውን ትቀበለዋለች!»

«እሺ፣ ከዚያስ?» አሉ አቶ ጌጡ።

«ከዚያማ ሄዳ የገዛ ቤቷን ግድግዳ በመጥረቢያው ትመታዋለች! የመጀመሪያውን ድንጋይ በእጇ መንግላ የምታወጣው እሷ ናት፤ እሱ አይደለም! ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ ይመጣል። ግድግዳው ይናዳል። ጀልባዋን ተሸክመው ባሕር ያወርዷታል። ስትንሳፈፍ ሽማግሌው መለስ ብሎ ግማሹ የሌለውን ቤቱን ያያል። እሷ ታዲያ ምን ትለዋለች? “ተወው፣ ድሮም ይታፈነኝ ነበር” አትለውም?»

የአቶ ምንውዬለት ድምፅ ተሰበረ። ወይዘሮ ዘነቡ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አቶ ጌጡም «እንኳን ፈረሰ! ቤት እንደሁ ይሠራል!» ብለው ጠረጴዛውን ደበደቡ።

ጋሽ ውድነህ ከወንበራቸው ተነሥተው እጅ ነሡ።

«እግዜር ይስጥልኝ አቶ ምንውዬለት፣ ሳምንቱን ሙሉ ያስጨነቀኝን ነገሩኝ። እኔ እንዳሉት ከዘጠነኛው ደቂቃ ወዲያ ያለውን አላየሁም። ማገዶውንም ሶፋውንም ገምቼ ነው። እርስዎ ግን አይተው ነው።»

ወይዘሮ ዘነቡ የክሱን ወረቀት ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ከከሳሽ በቀር የነካው ሰው የለም» የምትለዋን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«እንግዲህ ተከሳሽ ያዩት ዘጠኝ ደቂቃ ነው። የቀረው አርባ ደቂቃ...» አሉ።

«አንድ ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ነው!» አሉ አቶ ምንውዬለት፣ አፋቸውን መያዝ አቅቷቸው። ከዚያ የተናገሩት ለራሳቸው ተሰማቸውና ፊታቸው በርበሬ መሰለ። «እኔ... እኔ ማስረጃ እየመረመርኩ ነበር!»

«በሥራ ሰዓት?» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ።

«ታዲያ ማስረጃ በምን ሰዓት ይመረመራል?»

ጋሽ ውድነህ እንደገና እጅ ነሡ።

«እንግዲያውስ የእርስዎ ምርመራ ካለቀ ኮምፒውተሬ ይመለስልኝ፤ የቀረኝን እኔም በምሳ ሰዓት ልመርምር።»

ክሱ እዚያው ተዘጋ፤ ፋይሉም እንደ ደንቡ ወደ መዝገብ ቤት ተላከ። ጋሽ ውድነህ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በሠላሳ ሁለት ዓመት አገልግሎታቸው የጠፋባቸው ፋይል እሱ ብቻ ነው።