አልወደቅሁም ያለው ልብስ ሰፊ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ምሳውን የሚበላ፣ መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ ከሰላምታው በፊት ትከሻውን በዓይኑ የሚለካ ሰው ነበር። «የኔ ዓይን ከሜትር አይሳሳትም» ይላል። ነገር መመርመርም ይወዳል። የተበላሸ ሬዲዮ እጁ ከገባ ካልፈታታው፣ የማያውቀው ዘር ካገኘ ካልዘራው አርፎ አይቀመጥም።

ይህን ምሳሌ የጀመሩት አንድ የኔታ ናቸው፤ የጀመሩትም ለጥያቄ መልስ ነው። ጠያቂዋ ትርሲት የምትባል ነርስ ናት፤ በልጅነቷ ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። በዚያን ቀን አዲስ ዘመናዊ ሰዓት አጥልቃ መጣችና እጇን ዘርግታ፣ «የኔታ፣ ይህ ሰዓት ልቤ ስንት ጊዜ እንደመታ፣ ስንት እርምጃ እንደሄድሁ፣ እንቅልፌ መልካም ይሁን አይሁን ያውቃል። እኔ ስለ ራሴ ይህን ያህል አላውቅም። ልስማው ወይስ ላውልቀው?» አለቻቸው። የኔታ የበግ ጥርስ እንደሚያይ ገዢ ሰዓቱን አገላብጠው አዩት። «ይህን ሁሉ ካወቀ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?» ብለው ቀለዱባት። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ልብስ ሰፊው የነገሯት።

ልብስ ሰፊው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። አንዲት ሴት ልጅ አለችው፤ የምትሠራው ሩቅ ከተማ ነውና ሁልጊዜ ትሰጋለታለች። አንድ ጊዜ ልትጠይቀው ስትመጣ እንዲህ ያለውን ሰዓት ይዛለት መጣች። እጁ ላይ አሰረችለት፣ ከስልኩ ጋር አገናኘችለት፣ የሚነካካውን ሁሉ አሳየችው። «አባዬ፣ ብትወድቅ ሰዓቱ ራሱ ያውቃል። መጀመሪያ አንተን ይጠይቅሃል። ይቺን ቀይዋን ከነካህ ‹አልወደቅሁም› ማለት ነው። ዝም ካልህ ግን ለቅርብ ሰውህ መልእክት ይልካል። የማንን ቁጥር ላስገባ?» አለችው።

እሱ ሰዓቱን እያገላበጠ ሐሳቡ እዚያው ነበርና አንድ ቁጥር ከአፉ አመለጠው። በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር እሱ ብቻ ነበር። ልጅቱ ቀና ብላ አየችውና ጻፈችው። መልእክቱንም ራሷ በአማርኛ አዘጋጀችው፦ «አባቴ ወድቋል፤ ድረሱለት።»

ቁጥሩ የታላቅ ወንድሙ ነበር። ከዚህ ወንድሙ ጋር ከተኳረፈ ደግሞ ሦስት ፋሲካ አልፏል።

ኩርፊያው የተነሣው ከአንድ ኮት ነው። ወንድሙ አናጺ ነው። ልጁን ሲድር የሙሽራውን ሱፍ የሰፋው ልብስ ሰፊው ነበር፤ ልኩን ግን በዓይኑ ገምቶ ነው የቆረጠው። «የወንድሜን ልጅ ደግሞ በሜትር ልለካው?» ብሎ። በሠርጉ ዕለት እጅጌው ሁለት ጣት አጠረ። ወንድሙ በእንግዳ ፊት፣ «ወንድሜ ሜትር ከየት በኩል እንደሚጀመር ረስቶታል!» ብሎ ቀለደ። ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። ልብስ ሰፊው የያዘውን ሳህን አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልተያዩም። ሽማግሌ ቢላክበት፣ «ታናሽ ስለሆንሁ እግሩ ላይ ውደቅ ልትሉኝ ነው። አልወድቅም» አለ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ያቃጠለውም ይኸው ማወቁ ነው። የሱቁን በር የሠራለት ይኸው ወንድሙ ነበርና በየማለዳው ሲከፍተው ማጠፊያው ሲጢጥ ይላል፤ እሱም ፊቱን ያዞራል።

ወደ ሰዓቱ እንመለስ። የሰው ልክ ሲወስድ የኖረ ሰው የራሱን ልክ የሚወስድለት ሲያገኝ እንደ ሕፃን ደስ አለው። ግን ብዙ አልቆየም፤ ሰዓቱ ያበግነው ጀመር። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናውን በእግሩ ሲረግጥ ውሎ ቢያየው፣ «ዛሬ አልተንቀሳቀስህም» ይለዋል። እጁ ጨርቁ ላይ ነው፣ የሚሠራው እግሩ ነው፤ ሰዓቱ ይህን ከየት ይወቀው! ልብስ ሰፊው አሰበ፣ አሰበና ሰዓቱን ፈትቶ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አሰረው። ማታ ሲያየው ሠላሳ ሺህ እርምጃ ሄዷል። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ፣ «ከወንበሬ ሳልነሣ ቆላ ወርጄ ተመለስሁ!» እያለ አሳያቸውና መልሶ እጁ ላይ አሰረው።

የሰዓት አቆጣጠሩንም አልወደደለትም። እኩለ ቀን ሲሆን አሥራ ሁለት ሰዓት ነው ይለዋል። «ስድስት ሰዓት ላይ አሥራ ሁለት የሚል ምን ዓይነት ሰዓት ነው?» ብሎ በኛ አቆጣጠር አስተካከለው። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ነገሩ ሁሉ ዞረበት። ምሳ ሲቀርብ፣ «እንደምን አደርህ» ይለዋል። እንቅልፉን ጨርሶ ሲነሣ ደግሞ፣ «ሌሊቱን ሙሉ አልተኛህም፤ ቀን ቀን መተኛት ተው» ብሎ ይመክረዋል።

«አትሳቂ» አሉ የኔታ፤ ትርሲት አፏን ይዛ ነበር። «ስንቶቻችን ሰዓቱን ያለ ጊዜው ሞልተን ሰዓቱ ዋሸ እንላለን!»

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪው ሳይሞላ ያድርና ሰዓቱም አብሮ ይጠፋል። ተቀምጦ ሲቆይ «ተነሥ» ይለዋል፤ «አንተ ተነሥ፣ እኔ ገበር እየሰፋሁ ነው» ይላል። ከሁሉ የባሰው ካውያው ነበር። የከሰል ካውያውን ጠረጴዛው ላይ ጠንከር አድርጎ ባስቀመጠ ቁጥር ሰዓቱ ይርገበገብና፣ «ወድቀሃል እንዴ?» ብሎ ይጠይቀዋል። እሱም በንዴት ቀዩን ነክቶ፣ «አልወደቅሁም!» ይላል። በቀን አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ፣ «አልወደቅሁም!»

ታዲያ ለምን አላወለቀውም? ልቡን ስለሚቆጥርለት ነው። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛው ቀሚሷን ልትወስድ መጣች፤ ጨርቁ ገና መቀስ አልነካውም። «እጅጌው ብቻ ነው የቀረው፤ ነገ ነዪ» አላት። ልብስ ሰፊ አይደል! ሰዓቱን አጮልቆ ቢያይ ልቡ ከሰባ ሁለት ተነሥቶ ዘጠና ስምንት ደርሷል። ሰዓቱ ለካ፤ ሰውየውም «ለካስ!» አለ። ከዚያ ወዲያ ይህ ነገር ጨዋታ ሆነለት። «ነገ» ባለ ቁጥር ቁጥሩን ያያል። ብቻውን ሲሆንም የሰው ስም እየጠራ ይሞክራል። የቀበሌውን ሹም ጠራ፤ ሰባ ሦስት። የሞተችውን ሚስቱን ጠራ፤ ሰባ ስድስት፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ እንጂ ልቡ ጸጥ ብሎ ነበር።

በዐቢይ ጾም መጨረሻ ገደማ የንስሐ አባቱ ሱቁ ገብተው ተቀመጡ። «ልጄ፣ ጾሙ እያለቀ ነው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባላል። ወንድምህ ጉልበቱን እያመመው ነው አሉ። ምነው ብትሄድ?» አሉት። እሱም፣ «አባቴ፣ እኔ ምንም ቂም የለኝም። ጨርሶ ትዝም አይለኝ» አላቸው። ይህን እያለ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ወደቀ። መቶ አሥራ ሁለት ይላል። ደንግጦ እጅጌውን ጎተተበት። ቄሱ ከሄዱ በኋላ ብቻውን ሆኖ የወንድሙን ስም ቀስ ብሎ ጠራው። መቶ አሥራ አምስት። ደግሞ ጠራው። ያው ነው። «ተበላሽቷል» አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ስቅለት ደረሰ። ልብስ ሰፊው ሰዓቱን እንዳጠለቀ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ሌላው ሰው ስግደቱን በጠጠር ሲቆጥር እሱ ሰዓቱ ይቆጥርልኝ ይሆን ብሎ ጓጉቶ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በሚሰግድበት በግቢው ዋርካ ሥር ቦታውን ያዘና ወድቆ ይነሣ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር። ሰዓቱን ቢያይ ስግደት የሚባል ነገር አያውቅም። ተወው። ሃያ ላይ ወገቡ ከዳው። የቄሱ ነገርም ከልቡ አልወጣም፤ «ጉልበቱን እያመመው ነው አሉ።» እንደ ጆንያ ዘፍ ብሎ ወደቀና ግንባሩን ከመሬት እንደደፋ ቆየ። ሰዓቱ ከጋቢው ሥር ተርገበገበ፦ «ወድቀሃል እንዴ?» አልሰማውም። ደግሞ ተርገበገበ። ልብስ ሰፊው ቀዩን አልነካም። ትንፋሹ ሲመለስለት ተነሣና ምንም ሳያውቅ ስግደቱን ቀጠለ።

ወንድሙ ከወንዙ ማዶ ባለው ደብር ነበር። በጉልበቱ ምክንያት መስገድ ስላልቻለ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነዘረው። አውጥቶ ቢያነብ፣ «አባቴ ወድቋል፤ ድረሱለት» ይላል። የላከው ስልክ የወንድሙ ነው። በኛ አገር ወደቀ ሲባል ብዙ ነገር ነው፤ ተሰናክሎ የወደቀም ወደቀ ነው፣ የሞተም ወደቀ ነው። አናጺው ጫማውን አላስታወሰም። ጉልበቱንም አላስታወሰም። በወንዙ ድንጋይ ላይ በባዶ እግሩ ሮጠ። የት ይሆን ብሎ አልጠየቀም፤ ከዋርካው ሥር እንደሆነ ያውቃል።

ሲደርስ ልብስ ሰፊው መሬት ላይ ነበር፤ ሠላሳ አራተኛው ስግደቱ ነው። ከራስጌው የሚያለከልክ ሰው ሰማና ዓይኑን ገለጠ። ግንባሩ አጠገብ ሁለት ባዶ እግሮች ቆመዋል። አንዱ ይደማል። የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር መሐሉ ተሰንጥቋል። ይህን ጥፍር ያውቀዋል፤ ሁለቱ ልጆች ሳሉ የአባታቸውን መዶሻ የጣለበት ራሱ ነው።

ከላይ ድምፅ መጣ። «ወደቅህ አሉኝ» አለ ወንድሙ። «ወደቅህ አሉኝ እኮ!»

ጋቢው ከእጁ ላይ ተንሸራትቶ ነበርና ልብስ ሰፊው ሰዓቱን አየው። ጥያቄው እስካሁን መስተዋቱ ላይ ነው፤ «ወድቀሃል እንዴ?» ይላል፤ ቀይዋም ከሥሩ ትበራለች። ነገሩ ያን ጊዜ ገባው። ሰዓቱ ተሳስቷል፤ እኔ ሰገድሁ እንጂ አልወደቅሁም ብሎ ቢነሣ እውነት ይናገራል። ወንድሙም ስቆ ወይም ተቆጥቶ ወደ መጣበት ይመለሳል። ሦስት ፋሲካ አራት ይሆናል። ለመነሣት ደግሞ አንድ ክንድ መመርኰዝ ብቻ ይበቃው ነበር።

አልተነሣም። እጁን ዘርግቶ ያንን የሚደማ እግር ያዘ።

«ወድቄያለሁ፣ ወንድም ጋሼ» አለ። «እጅጌውን ያሳጠርሁት እኔ ነኝ። በዓይኔ ነው የለካሁት።»

ወንድሙ ጎንበስ ሊል ሞከረ፣ ጉልበቱ አላስጎነብሰው ሲል እጁን ብቻ ሰደደለት። «ተነሥ» አለው። «ይቅር ለእግዚአብሔር። ተነሥ እንጂ!» ልብስ ሰፊው ከሰዓቱ ስንት ጊዜ የሰማው ቃል ነው፤ የተነሣው ግን ያን ቀን ነው።

የኔታ ምሳሌውን በዚህ ጨረሱ። ትርሲትም ሰዓቷን አየች።

«ታዲያ የኔታ፣ ሰዓቱ ጥሩ ነው ማለትዎ ነው? ያስታረቃቸው እኮ በስሕተቱ ነው» አለች።

«እሱን አቆዪውና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስትወድቂ ይጠራልሽ ዘንድ የማንን ቁጥር አስገባሽ?»

ትርሲት ፊቷ ቀላ። «ቁጥር ካልሰጠሁት አልቀጥልም አለኝ። ሰው ማስቸገር አልወድም። ሁለተኛው የራሴ ቁጥር አለ አይደል… እሱን ሰጠሁት።»

የኔታ እንደገና የሚቀልዱ መስሏት ነበር፤ አልቀለዱም። እጇን ይዘው እንዲህ አሏት፦ «ልጄ፣ ልስማው ወይስ ላውልቀው ብለሽ ነበር የጠየቅሽኝ። አታውልቂው። ልብሽ ሲዘል ቢነግርሽ ስሚው፤ ያ ሰው እንዳደረገው እጅጌ አትጎትቺበት። ግን ሰዓቱ እንደ ልብስ ሰፊው ሜትር ነው። ሜትር ቁመቱን ይነግርሻል እንጂ ልብሱ ለማን እንደሚሰፋ አይነግርሽም። ይህም መውደቅሽን ያውቃል፤ ማን እንደሚያነሣሽ የሚያውቀው ግን ከነገርሽው ብቻ ነው። ልብስ ሰፊው ሳያስብ እንኳ ወንድሙን ነገረው። አንቺ አስበሽ ራስሽን ነገርሽው። ወድቆ ራሱን የሚጠራ ሰው፣ ስልኩ የሚጮኸው በገዛ ኪሱ ውስጥ ነው። በይ የራስሽን ቁጥር አውጪና ሰው ጻፊበት።»