ከወንዝ ማዶ የተጠራችው አልቃሽ

አንዲት አልቃሽ ነበረች፤ ስሟ ማንጠግቦሽ። በሁለት ወንዞች መካከል ባለች አገር፣ ሰው ሞተ በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠራው እሷ ነበረች። ሙሾ ስታወርድ ድንጋይ ታስለቅሳለች ይሏታል። ድንጋዩን እንጃ፤ አገሬውን ሁሉ ማስለቀሷ ግን እውነት ነው።

ችሎታዋ በድምፅዋ ብቻ አልነበረም። ለማንም ሟች፣ የቱንም ያህል ክፉ ቢሆን፣ አንድ ደግ ነገር ፈልጋ ታገኝለት ነበር። አያ ጎሹ የሚባል ድንበር ገፊ የሞተ ጊዜ ሰዉ አፉን በነጠላ ሸፍኖ ነው የሳቀው። የሚስቱ ዓይን እንኳ ደረቅ ነበር። ማንጠግቦሽ ግን ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረች "እስቲ አንድ ደግነቱን ንገሩኝ" ስትል ቆየች። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ "አንድ ክረምት የማያውቀውን ሰው ጥጃ ከጎርፍ አውጥቷል" አላት። በቃ፣ ያችን ጥጃ ይዛ ሙሾ አወረደች። መሬታቸውን የቀማቸው ሰዎች ሳይቀሩ አለቀሱለት።

ለራሷ ግን እንዲህ አልነበረችም። በዚያ ዓመት ንዳድ ገብቶ ከየቤቱ ሬሳ ይወጣ ስለነበር፣ ከአንዱ ለቅሶ ወደ ሌላው ስትሮጥ ትውላለች። ቤቷ ስትገባ ደግሞ ከራሷ ጋር ጠብ ትጀምራለች። "ድምፅሽ ተንቀጠቀጠ። ያችን እናት በቅጡ አላስለቀስሻትም። አንቺ ሰነፍ!" ጎረቤቷ አልጣሽ ውሃና ቆሎ ይዛ መጥታ "ኧረ አንቺ ሴት፣ ትንሽ ዕረፊ! ፊትሽ ከሰል መስሏል" ስትላት፣ "ሬሳ ይጠብቀኛል እንዴ?" ብላ በሩን ትዘጋባታለች።

አልጣሽ የማታውቀው አንድ ነገር ነበር። የማንጠግቦሽ እንባ ከደረቀ ሰንብቷል። ለቅሶ ቤት ስትገባ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ሽንኩርት ዓይኗ ላይ እያሸች ነበር የምታለቅሰው። ይህንንም ቤቷ ስትገባ ለራሷ ስድብ ታደርገው ነበር።

አንድ ቀን ትኩሳት ይዟት ተኝታ ሳለ፣ ፀሐይ አናት ላይ በወጣችበት ሰዓት፣ አንድ ሰው መጥቶ በሯ ላይ ቆመ። ነጠላውን ለሐዘን ዘቅዝቋል። ፊቱን ታየዋለች፤ ዓይኗን ስትነቅል ግን ወዲያው ትረሳዋለች።

"እት ማንጠግቦሽ፣ ለቅሶ አለብን" አላት።

"የት?"

"ከወንዙ ማዶ።"

"ከወንዙ ማዶ ደግሞ ቤት አለ እንዴ?"

"ዛሬ አለ።"

"ተነሺ! አንቺ መቼም ምክንያት አታጪም!" ብላ ራሷን ተቆጥታ ተነሳች። መንገዱ የዘወትር መንገዷ ነው፤ ግን እንግዳ ሆነባት። ውሾቹ አይተዋቸው አልጮሁም። ሰውየው ሲራመድ አቧራ አይነሳም። ወንዙን ሲሻገሩ ውሃው እግሯን ሲመታት ይሰማታል፤ ድምፅ ግን የለውም። ያኔ ፈራች። ምነው አልጣሽን በጠራኋት ብላ ተመኘች።

ከማዶ ዳስ ተጥሏል። ሰዎች በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነዋል። የሚያለቅስ የለም፤ የሚያስል እንኳ የለም። መሀል ላይ ሬሳ ቃሬዛ ላይ ተሸፍኖ ተኝቷል። ማንጠግቦሽ እንደ ልማዷ መሀል ቆማ ጠየቀች።

"ሟቹ ማን ነው?"

"ሴት ናት።"

"እስቲ ደግነቷን ንገሩኝ።"

"ለሰው ሁሉ ደግ ነበረች" አለ ከረድፉ አንዱ።

"ክፋትስ አልነበራትም?"

አንዲት ሴት ከነጠላዋ ሥር ተናገረች። "አብራት የምትኖር አንዲት ምስኪን ነበረች። እሷን ጠዋት ማታ ትሰድባት ነበር። ስትታመም ከመኝታዋ ጎትታ ታስነሳታለች። ውሃ የሚያቀብላት ሰው ሲመጣ በሩን ትዘጋባታለች።"

"ምን ዓይነት ጨካኝ ናት!" አለች ማንጠግቦሽ ከልቧ ተናዳ። "ምስኪኒቱስ ምን ሆነች?"

"አብረው ሞቱ።"

ማንጠግቦሽ ወደ ቃሬዛው ዞረች። የተኛው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሬሳው የተሸፈነበትን ነጠላ ታውቀዋለች። ጫፉ ላይ ቋጠሮ አለ። ፈታችው፤ ሽንኩርት ወጣ። ፊቷን ገልጣ ማየት አላስፈለጋትም።

"በይ አልቅሽላት" አላት የጠራት ሰው። "ዳሱ ከመፍረሱ በፊት አንድ ደግ ቃል ካላገኘሽላት ይዘናት እንሄዳለን።"

አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ያው የለመደችው ነበር። "ሰነፍ ነበረች" አለች። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በረደ። "አስመሳይ ነበረች፤ በሽንኩርት ነበር የምታለቅሰው።" ብርዱ ጉልበቷ ደረሰ። "ለማንም አልበቃችም።" ወገቧ ደነዘዘ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡ። ሁሉንም ታውቃቸዋለች። ሁሉም አልቅሳ የቀበረቻቸው ናቸው።

ከመካከላቸው አያ ጎሹ ተነሳ።

"እት ማንጠግቦሽ" አላት፣ "ለእኔ እንኳ ጥጃ ፈልገሽ አግኝተሻል። ለዚችስ አንዲት ጥጃ ታጪላታለሽ?"

ብርዱ ደረቷ ላይ ደርሷል። ማንጠግቦሽ ያን ጊዜ በቃሬዛው ላይ የተኛችውን ሴት እንደ ሌላ ሰው አየቻት። ከነጠላው ሥር የወጣ የተሰነጠቀ ተረከዟን አየች፤ ስንት ለቅሶ ቤት የሮጠችበት ተረከዝ ነው። አሳዘነቻት። እንደዚያች ሴት ያሳዘናት ሟች አልነበረም። ከዚያ ሙሾው በራሱ መጣ፦

የሰው ሐዘን አዝላ ስትባዝን የኖረች፣
ሰንፋ አይደለም ከቤት፣ ደክሟት ነው የቀረች።

እንባዋ ወረደ። ሽንኩርቱ ከእጇ ከወደቀ ቆይቷል።

ዓይኗን ጠርጋ ስታይ ከወንዙ ወዲህ፣ ዳሩ ላይ ተቀምጣለች። አልጣሽ ትከሻዋን ይዛ "በዚህ ትኩሳት ምን ልትሠሪ ነው እዚህ ድረስ የመጣሽው?" እያለች ትጮኽባታለች። ከማዶ ዳስ የለም። ሣሩ ግን ብዙ ሰው ተቀምጦበት እንደተነሳ ሁሉ በረድፍ በረድፍ ተኝቷል። የነጠላዋ ቋጠሮም ተፈቷል። ማንጠግቦሽ አልጣሽ ያቀበለቻትን ውሃ ተቀብላ እስከ መጨረሻው ጠጣች።

በማግስቱ ለቅሶ ሲጠሯት "ዛሬ አሞኛል፤ ሌላ ሰው ጥሩ። ስድን እመጣለሁ" አለች። ሟቹ ያለ እሷ ተቀበረ፤ ሰዉም የቻለውን ያህል አለቀሰ። ድና በተመለሰችበት ቀን ደግሞ ልጅ በሞተባት እናት ፊት ድምፅዋ መሀል ላይ ተቆረጠባት። ድሮ ቢሆን ስለዚህች ነገር ራሷን ስትረግም ትከርም ነበር። አሁን ግን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "አይዞሽ፣ ደክሞሽ ነው" አለች ለራሷ። ትንፋሿን ሰበሰበችና እንደገና ጀመረች። ያ የንዳድ ዓመት የብዙ አልቃሾችን ድምፅ ዘግቶ አለፈ። ማንጠግቦሽ ግን እስክታረጅ አለቀሰች፤ ሽንኩርትም አላስፈለጋትም።

ወዳጆቼ፣ ለራስ መራራት ስንፍና የሚመስለን ብዙ ነን። ራሳችንን በገረፍን ቁጥር የምንበረታ ይመስለናል። ነገር ግን ገራፊውም ተገራፊውም እኛው ነን፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ብቻውን አይቆምም። ለደከመው ጎረቤታችን የምንለውን "አይዞህ" ለራሳችንም ስንል ነው ለነገ ጉልበት የሚተርፈን።

አንተስ፣ አንቺስ? ዛሬ በዚያ ዳስ መሀል ብትቆሙ፣ ጥጃዋን ታገኟት ነበር?