የደምሰው አንደኛ ሚዜ

በአንድ ወቅት፣ ሰርጉ የተቃረበ ደምሰው የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ታፈረ፣ ውባንተና ሸጋው የሚባሉ ሦስት ጓደኞች ነበሩት። ሦስቱም አንደኛ ሚዜ ለመሆን ይሻሙ ነበር፤ አብሮ አደጉ ታፈረማ ቦታውን ከልጅነቱ ጀምሮ የኔ ነው ብሎ ይዞታል።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ደምሰው ግንባሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣበት። ጎረቤቱ ሁሉ ምች ነው እያለ ዳማከሴ አሽቶ ቀባው። ታፈረ ግን ደምሰው ክር ሲያስገባ የመርፌውን ቀዳዳ ደጋግሞ ሲስት አየ። አየና ዝም አለ። ለምን አትሉኝም? ደምሰው የሰርጉን ጨርቅ ሊገዛ የሄደው ከውባንተ ጋር ነበርና አኩርፎ ነው። በማግስቱ አላስችል ሲለው ግን መጣ።

«ይሄ ምች አይደለም፤ አልማዝ ባለጭራ ነው። ዓይንህን ይዞታል፣ ተነስ!» አለው።

ሹፌሩ ውባንተ ይህን ሲሰማ የጫነውን ቲማቲም ሜዳ ላይ አራግፎ ደምሰውን ደሴ ሆስፒታል አደረሰው። ቲማቲሙ እዚያው በሰበሰ። ሐኪሟ መርምራ፣ ቫይረሱ ዓይን ያየውን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ እንደያዘው፣ ትንሽ ቢዘገዩ የዓይኑ ብርሃን ይጠፋ እንደነበር ነገረቻቸው። መድኃኒቱንም በደም ሥሩ ጀመረችለት።

ማስታመሙ የሸጋው ሆነ። ደምሰው ሻል ሲለው ሰርጌ ደረሰ፣ ልሂድ ብሎ ተነሳ። ሐኪሟ ደግሞ መድኃኒቱ ሳይጨረስ ንቅንቅ እንዳይል አስጠንቅቃለች። ሸጋው ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ጫማውን ደበቀበት። ታፈረ ሊጠይቅ ሲመጣ ሸጋው በሽተኛውን ሲያጎርሰው ደረሰ። ያመጣውን ብርቱካን አስቀምጦ ሳይቀመጥ ወጣ።

ዓይኑ ተረፈ፤ ጓደኝነቱ ግን ታመመ። ታፈረ በየሻይ ቤቱ፣ ውባንተ መኪና ስላለው፣ ሸጋው ሥራ ስለሌለው ነው እንጂ ምን አደረጉ ይል ጀመር። እነሱም መርፌ መሳቱንማ ማንም ያይ ነበር ይሉታል።

ደምሰው ከራሱ ሱፍ በተረፈው ጨርቅ ለአንደኛ ሚዜው አንድ ክራቫት ሰፋ። በሰርጉ ጠዋት ሦስቱን አቁሞ፣ «እኔ መምረጥ አቃተኝ፤ እናንተው ንገሩኝ» አላቸው።

ውባንተ ፊቱን እንዳጠቆረ፣ «ታፈረ ባይነግረን የት እወስድህ ነበር?» አለ። ሸጋውም ሳይወድ በግዱ እውነት ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ደምሰው ክራቫቱን ለታፈረ ዘረጋለት። ታፈረ መርፌ ሲስት አይቶ ዝም ብሎ የዋለባት ቀን ትዝ አለችውና ሊቀበለው አልደፈረም። በሌላ ሰው አንገት ላይ ማየቱንም አልቻለውም።

እንግዲህ ፍረዱ፤ ክራቫቱ ለማን ይገባል?