የሊትሪናዋ ቃጭል

ይህን ታሪክ አዛብቼ አስታውሼው ይሆናል። የሰማሁት በልጅነቴ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ጡረታ ከወጡ የባቡር ሰዎች ነው፤ እነሱም ሲያወሩት እርስ በርስ ይተራረሙ ነበር። የተለያዩበትን ቦታ እንደተለያዩ ትቼዋለሁ።

ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወርደው አሮጌ ሐዲድ ላይ፣ ድንበሩ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር፣ «የኤብላ በር» የሚባል ቦታ አለ። ሐዲዱ እንዲያልፍ ተብሎ ጥቁር ኮረብታ ለሁለት የተሰነጠቀበት ጠባብ መተላለፊያ ነው። ዛሬ ባቡር አያልፍበትም፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ በኩል ነው የሚሄደው። ሆኖም ከኮረብታው ሥር ባለው የአቧራ መንገድ የሚመላለሱ የጭነት መኪና ሾፌሮች፣ በመኪናቸው ፊት ላይ ከእንጨት የተፈለፈለ የግመል ቃጭል ያንጠለጥላሉ፤ እዚያ ሲደርሱም ሙዚቃ ይዘጋሉ፣ ቀስ ይላሉ፣ ጡሩምባ አይነኩም። ለምን ተብለው ሲጠየቁ አብዛኞቹ «ደንብ ነዋ!» ብለው ያልፋሉ።

የደንቡ አመጣጥ፣ እንደሚነገረው፣ እንዲህ ነው። በዚያ ሐዲድ ላይ መጀመሪያ የተመላለሰው ባለ ጢሱ ባቡር ነበር። እሱ ከመታየቱ በፊት ይሰማ ነበር፤ ሲያቃስት፣ ሲያፏጭ፣ ፉርጎዎቹ እርስ በርስ ሲንኳኩ፣ አርብቶ አደሩ ግመሎቹን ሰብስቦ ከሐዲዱ ለማውረድ ሰፊ ጊዜ ያገኛል። ከዘመን በኋላ ሊትሪና መጣች። ሊትሪና ሞተሯን በሆዷ ይዛ ለብቻዋ የምትሄድ፣ ሁለቱም ጫፏ ፊት ስለሆነ ሳትዞር የምትመላለስ፣ ሐዲድ ላይ የወጣች አውቶቡስ የምትመስል ፈጣን ተሽከርካሪ ናት። ሰው ወደዳት፤ ጢስ የላት፣ ጥላሸት የላት።

እሷን እንዲነዱ ከተመረጡት አንዱ አቶ ልሳኑ የሚባል፣ ግማሽ ዕድሜውን በባለ ጢሱ ላይ የጨረሰ ነጂ ነበር ይባላል። አቶ ልሳኑ በአዲሲቷ ይኮራ ነበር። ቁልቁለት ሲጀምር ማርሹን ያወጣና በራሷ ክብደት እንድትንሸራተት ይለቃታል፤ ያን ጊዜ ከመንኮራኩሮቹ ሹክሹክታ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። «ሕፃን ብታስተኛባት አይነቃም» እያለ ለረዳቱ ለኢድሪስ ይነግረው ነበር። ባለ ጢሱን ሲነዳ በዚያ መተላለፊያ ስለ ግመል አስቦ አያውቅም፤ መንገዱን የሚያጸዳለት የባቡሩ ጩኸት እንደነበረ ልብ አላለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲሁ በዝምታ እየተንሸራተተ ወደ መተላለፊያው ሲገባ፣ ሐዲዱ መካከል አንዲት ግመል አየ። ደንግጦ ጡሩምባውን ነፋ። ግመሏ በረገገች፤ ግራና ቀኟ አለት ስለሆነ ከሐዲዱ ልትወጣ አልቻለችም፣ ፊት ፊቱን ሮጠች። ፍሬኑ ሊትሪናዋን ሲያቆም ግመሏ ተገጭታ ወድቃ ነበር።

ባለቤቷ ኤብላ የምትባል ሴት ነበረች። ከኋላ መጥታ ከግመሏ አንገት ላይ የእንጨቱን ቃጭል ፈታች፣ እሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ሐዲዱ ላይ ተቀመጠች። የቀሩት ግመሎቿ ከመተላለፊያው አፍ ሆነው ይጮኹ ነበር። የወደቀችው መሪያቸው ናት፤ ወደ ውሃ የሚሄዱት የእሷን ቃጭል ተከትለው ነበር።

ተሳፋሪው መውረድ ጀመረ። አንዲት ጫት ነጋዴ፣ «አቦ፣ ኧረ ጫቴ ደረቀ! ሴትዮዋን የሚያስነሣ ወንድ ጠፋ?» አለች።

«አንቺ ተነሥተሽ አስነሺያታ!» አላት አንዱ፣ እሱም ከጥላው ሳይወጣ።

ኋላ የአካባቢው ሽማግሌ፣ ሮብሌ፣ በትራቸውን በትከሻቸው አጋድመው ደረሱ። ኢድሪስ የድሬዳዋ ልጅ ነውና ሶማልኛ ያውቃል፤ እሱ አስተርጓሚ ሆነ።

«ጡሩምባ ነፍቻለሁ እኮ» አለ አቶ ልሳኑ። «ንገራቸው፣ ነፍቻለሁ።»

ኤብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ጡሩምባውማ ነው የገደላት» አለች። «ባይጮህባት ኖሮ አትሮጥም ነበር። ግመል ጩኸት ሲመጣባት ትሸሻለች፤ ቃጭል ሲመጣ ግን መንገድ ትለቃለች።»

ሮብሌ ሊትሪናዋን ከፊት እስከ ኋላ ዞረው ተመለከቱ። «ጢሳሙ አባቷ ከሩቅ እያስነጠሰ ነበር የሚመጣው። ልጁን ሰላምታ ሳያስተምራት ነው የሞተው?» አሉ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ አቶ ልሳኑ አልሳቀም። ሽማግሌው ቀጥለው፣ ሰላምታ የማታውቅ ከሆነ በዚህ በር ከእንግዲህ እንደማታልፍ ተናገሩ። በዚያ በር ካላለፈች ደግሞ ጅቡቲ አትደርስም፤ ሌላ ሐዲድ የለም። አቶ ልሳኑ ወደ ኤብላ ዞረ።

«ካሳ ይሰጥሻል» አላት በኢድሪስ በኩል።

«ግመልማ ይሰጡኛል። እነዚህ የሚሰሙት ግን ይህን ነው» አለችና ቃጭሉን አነሣች።

ከዚህ በኋላ ያለው ላይ የባቡር ሰዎቹ አይስማሙም። ፍርዱን የሰጡት ሮብሌ ናቸው የሚሉ አሉ፤ የሚበዙት ግን ኤብላ ራሷ ናት ይላሉ። ተነሥታ፣ ወደ ሊትሪናዋ ሄዳ፣ ከፊት መብራቱ ሥር ካለው የብረት ቀለበት ላይ ቃጭሉን አሰረችው።

«እንግዲህ መሪያቸው ይቺ ናት» አለች። «መሪ አይሮጥም፣ አይጮህም። ሌላ ግመል ከወደቀብኝ ግን በሩ ይዘጋል።»

«ግመል ሆንን፣ አቶ ልሳኑ» አለ ኢድሪስ ቀስ ብሎ።

በሚቀጥለው ጉዞ ወደ ቁልቁለቱ ሲደርሱ አቶ ልሳኑ እንደ ወትሮው ማርሹን አወጣ፤ አሁን ግን ፍሬኑን እየያዘ በሰው እርምጃ ልክ ለቀቃት። ሞተሩ ዝም ሲል ከፊት ቋ... ቋ... የሚል ድምፅ ተሰማ። ኤብላ ከኮረብታው አናት ላይ ቆማለች። መንጋዋ በሙሉ ከመተላለፊያው አፍ ፊት ለፊት፣ ሐዲዱ ላይ ተበትኗል። አውቃ እንደለቀቀቻቸው ገባው።

እጁ ወደ ጡሩምባው ሄደ።

«አይንኩት!» አለ ኢድሪስ።

አቶ ልሳኑ እጁን መልሶ ጉልበቱ ላይ አደረገው። ሊትሪናዋ ቀረበች፣ ቃጭሉ ተመታ፣ ግመሎቹ አንገታቸውን አዞሩ። አንዷ እርምጃ አነሣች፣ ከዚያ ሌላይቱ፤ ሳይሮጡ፣ ሳይደናገጡ፣ ግራና ቀኝ ወርደው መንገድ ለቀቁ። ሊትሪናዋ በመካከላቸው አልፋ ወደ መተላለፊያው ስትገባ፣ በኋላው መስኮት ያዩ የነበሩት ተሳፋሪዎች ጮክ ብለው ሳቁ፤ መንጋው በሰልፍ እየተከተላቸው ነበር። አቶ ልሳኑ ግን ወደ ኋላ አልዞረም። ቀና ብሎ ወደ ኮረብታው ተመለከተ፤ ኤብላ በትሯን ወደ ጅቡቲ አቅጣጫ ዘርግታ ነበር። እለፍ ማለቷ ነው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ በር ቁልቁል የሚወርድ ማንኛውም ነጂ በቃጭል እንጂ በጡሩምባ አላለፈም ይባላል። ከጅቡቲ ሲመለሱ ግን ዳገት ስለሆነ ሞተሩ ከሩቅ ያጓራል፤ ቃጭል አያስፈልግም ነበር።

ይህን ሁሉ ለረጅም ጊዜ ተጠራጥሬው ኖሬያለሁ። ተሳፋሪው የሊትሪናዋን መዘግየት ለማስረዳት የፈጠረው ጨዋታ ሊሆን ይችላል ብዬም አስቤ ነበር። በቅርቡ ድሬዳዋ፣ አሮጌዎቹ ተሽከርካሪዎች በቆሙበት ግቢ፣ አንዲት ሊትሪና በቅርብ ለማየት ተፈቀደልኝ። ቃጭል የላትም። በጅቡቲ በኩል ባለው ፊቷ፣ ከመብራቱ ሥር፣ የብረት ቀለበት አለ፤ ከቀለበቱ ሥር ያለው ቀለም በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ እስከ ብረቱ ድረስ ተፍቋል። ዞሬ በድሬዳዋ በኩል ያለውን ፊቷን አየሁ። እዚያም ቀለበት አለ፤ ቀለሙ ግን ደህና ነው።